«ማክሰኞ ይደርስለታል»



ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ጁምዓ ነበር። አባቴ ደሴ ሸዋበር ያለችውን ሱቁን ዘግቶ ሰገደ፤ ከሶላት በኋላ ባንክ ገብቶ 175,000 ብር በአንድ ሰው ሒሳብ አስገባ። ሰውየውን አያውቀውም። እኔም አላውቀውም። የሚያውቀው እዚሁ ግቢ የነበረ፣ በዕድሜም በዒልምም የሚበልጠኝ አንድ የጀመዓ ወንድም ነው። ገንዘቡ ማሌዥያ ማስተርሱን የሚማረው ታላቅ ወንድሜ የሴሚስተር ክፍያ ነበር። ስምምነቱ አጭር ነው፦ አንዱ ሪንጊት በ25 ብር፣ በድምሩ 7,000 ሪንጊት፤ የሰውየው ዘመድ ኩዋላ ላምፑር ላይ ለወንድሜ በእጁ ይሰጠዋል። መቼ? «ማክሰኞ ይደርስለታል» ተባልን።

ሰኞ ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ እንደሚወሰን አስታወቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ብርን አለፈ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም 100ን ተሻገረ። ጥቁር ገበያው ቀድሞም ከባንኩ እጥፍ ገደማ ስለነበር ከዚያ ወዲያ ዋጋው ይውጣ ይውረድ የሚያውቅ ጠፋ። ሁሉም እጁን ሰብስቦ ይጠብቅ ጀመር። የእኛም ሰው ስልኩን ዘጋ።

አባቴ ማክሰኞ ከመግሪብ በኋላ ደወለ። «ደረሰለት?» አልደረሰም። ረቡዕም ከመግሪብ በኋላ ደወለ። «ደረሰለት?» እኔ ካፌ ሰልፍ ላይ ሆኜ «ነገ ነው ያሉት፣ ኢንሻአላህ» እላለሁ። «ኢንሻአላህ» የሚለውን ቃል ለማላውቀው ነገር መሸፈኛ ሳደርገው ያን ሳምንት ያህል ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ሰውየው በመጨረሻ ሐሙስ ሲያነሳ «ገበያው ይርጋ፤ ገንዘባችሁ የትም አይሄድም» አለ። ገበያው እስኪረጋ 24 ቀን ፈጀ። በ24ኛው ቀን ወንድሜ እጅ የገባው 6,100 ሪንጊት ነው። የቀረው 900 የት ሄደ ስንል «በድሮው ዋጋ ብሰጣችሁ የምከስረው እኔ ነኝ» ተባልን። በዚህ መሀል የወንድሜ የክፍያ ቀነ ገደብ አልፎ ቅጣት ተጨመረበት። ምዝገባው እንዳይዘጋበት፣ ቪዛውም በምዝገባው ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ከሶማሌ ጎረቤቱ ተበደረ። አላህ ይስጠውና ያ ጎረቤት ባይኖር የአንድ ዓመት ትምህርት በአንድ «ማክሰኞ» ምክንያት ይቀር ነበር።

ስለ ሰውየው ብዙ አልልም። ያገናኘን ወንድምም ሳንቲም አልወሰደም፤ አጅር አገኝበታለሁ ብሎ ነው ያደረገው። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እኔ ራሴ አንዲት የግቢያችንን እህት ከዚሁ ሰው ጋር አገናኝቻለሁ። እህቷ ቱርክ ነው የምትማረው። ገንዘቡ በሦስተኛው ቀን በሰላም ደረሰ፤ እሷም ዱዓ አደረገችልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። የአባቴን 175,000 ብር ያለ ምንም ጥያቄ እንዲያስገባ ያደፋፈረኝ ያ የደረሰው ገንዘብ ነው። ዛሬ ሳስበው፣ ያ የደረሰውና ይህ ያልደረሰው ገንዘብ አንድ ዓይነት ውል ናቸው። አንዱ ዕድለኛ ሆነ፣ ሌላው አልሆነም።

በጀመዓችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ወደ ቱርክ የሚልክ አለ?»፣ «ግብፅ ያለ ወንድም ብር የሚፈልግ» የሚሉ መልእክቶች በሳምንት አንድ ሁለቴ ይታያሉ። ማናችንም ቆም ብለን ይህ ምን ዓይነት ውል ነው ብለን አንጠይቅም። ሪባ ሲባል የባንክ ወለድ ብቻ ነው የሚታየን። ስንቶቻችን የቁጠባ ሒሳባችንን ከወለድ ነፃ ወደሆነ አገልግሎት ያዛወርን፣ በእነ ዘምዘምና ሒጅራ ባንክ መከፈት የተደሰትን ነን! የምንዛሪው ጉዳይ ግን ከዚያው ከሪባ ምዕራፍ ውስጥ ያለ መሆኑን እንረሳዋለን።

ዑባዳ ኢብኑ ሷሚት (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና በሶሒሕ ሙስሊም የሚገኘው ሐዲስ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። ወርቅ በወርቅ፣ ብር በብር ሲለወጥ እኩል ለእኩልና እጅ በእጅ መሆን አለበት። ዓይነቱ ሲለያይ፣ ለምሳሌ ወርቅ በብር ሲለወጥ፣ ዋጋውን እንደፈለጋችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ እጅ በእጅ መሆኑ ግን ይቀራል ማለት አይደለም። የዛሬው የወረቀት ገንዘብስ? ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ባደረገው ጉባኤ የወረቀት ገንዘብ የወርቅና የብር ሑክም እንደሚይዝ ወስኗል። ስለዚህ ብርና ሪንጊት ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው። በ25ም በ28ም መለዋወጥ ይቻላል፤ ዛሬ ሰጥቶ ማክሰኞ መቀበል ግን አይቻልም።

እዚህ ላይ «ታዲያ በባንክ ሲላክስ ቀን ይፈጅ የለም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ይኸው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1990 ጅዳ ላይ ባወጣው ውሳኔ ገንዘቡ በሒሳብ ላይ ከተመዘገበ እጅ እንደገባ ይቆጠራል ብሏል፤ በባንኮች አሠራር የተለመደውን የምዝገባ መዘግየትም ታግሶታል። ማለትም ባንክ ቤት ብሬ ተቀንሶ ምንዛሪው በስሜ ከተመዘገበ ልውውጡ እዚያው አልቋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ማጓጓዝ ነው። የእኛ ሰው ግን ጁምዓ ቀን ሪንጊቱን በማንም ስም አላስመዘገበም። ሪንጊቱ ይኑረው አይኑረውም አናውቅም። የነበረን ተስፋና የስልክ ቁጥር ነው።

«ቢደርስ ኖሮ ችግር አልነበረውም» የሚሉኝ ወንድሞች አሉ። ወላሂ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን እጅ በእጅ የሚለው ሸርጥ ለምን እንደተደረገ በ24 ቀን ውስጥ የተማርኩ ይመስለኛል። በሁለቱ ርክክቦች መሀል ቀን ካለ፣ በዚያ ቀን ዋጋው የሚለዋወጥበት የአንዱ ወገን ብቻ ነው። ሪንጊቱ ረክሶ ቢሆን ሰውየው «ይኸው ተጨማሪ 900» ብሎ ይደውል ነበር? አይደውልም። ሲወደድ ግን ስምምነቱን ቀደደው። ብሩን ቀድሞ የሰጠው አባቴ ነውና ምንም ማድረግ አልቻለም። ገንዘቡን የያዘ ሰው ሁልጊዜ አቅም አለው፤ የሰጠ ሰው ያለው ቃል ብቻ ነው።

ሌላው የሚቀርበው መከራከሪያ ሱፍተጃ ነው። ይህን ያነሳብኝ ሸሪዓ ያጠና ወንድም ስለሆነ በቀላሉ አላለፍኩትም። ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር (ረ.ዐ) መካ ላይ ከሰዎች ዲርሃም ተቀብለው፣ ዒራቅ ለነበረው ወንድማቸው ለሙስዐብ ይጽፉላቸው እንደነበርና ሰዎቹም እዚያ ይቀበሉ እንደነበር ተዘግቧል። ዑለሞች ይህን ዓይነቱን አሠራር በተመለከተ ተለያይተዋል፤ ከፈቀዱት አንዱ ኢብኑ ተይሚያ ናቸው። ግን ልብ በሉ፦ እዚያ የተሰጠውም የተከፈለውም ዲርሃም ነው። ብድር ነው፤ በዚያ ከተማ ተወስዶ በዚህ ከተማ የተመለሰ። ምንዛሪ የለበትም። የእኛ ግን ብር ገብቶ ሪንጊት የሚወጣበት ነው። (በነገራችን ላይ ባንኮቻችን ከውጭ ለሚላክ ገንዘብ የሚጠቀሙበት «ሐዋላ» የሚለው ቃልም ያው የፊቅህ ቃል ነው፤ ዕዳን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር ማለት ነው። ቃሉ ቀርቶልን ሸርጡ ጠፋብን።)

ታዲያ መውጫ የለም ማለት አይደለም። የኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሐዲስ በዚህ ጉዳይ በጣም ይጠቅመናል። ግመል በዲናር እየሸጡ ዲርሃም ይቀበሉ እንደነበር ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሯቸው፣ በዕለቱ ዋጋ ከሆነና በመሀላችሁ ያልተቋጨ ነገር ሳይኖር ከተለያያችሁ ችግር የለውም የሚል መልስ አግኝተዋል። ዑለሞች ከዚህ ተነስተው በአንድ ገንዘብ ያለ ዕዳ በሌላ ገንዘብ ሊከፈል እንደሚችል፣ ዋጋው ግን ዕዳው የተወሰደበት ቀን ሳይሆን የሚከፈልበት ቀን ዋጋ መሆን እንዳለበት ይናገራሉ። የወንድሜና የሶማሌው ጎረቤቱ ጉዳይ እንደዚህ ነው ያለቀው። ሪንጊት ተበደረ፤ ዕዳው ሪንጊት ሆኖ ቆየ፤ ሪንጊት መለሰ። ማንም ማንንም አልከሰሰም፤ ማንም ስልክ አልዘጋም። እኛ በተንኮል የተወሳሰበ አድርገን ያየነውን ነገር አንድ ጎረቤት በሁለት ደቂቃ ሠራው።

እኔ አካውንቲንግ የምማር ልጅ ነኝ፤ ፈትዋ አልሰጥም። የጻፍኩትን ኡስታዞቻችን ያርሙኝ። ነገር ግን ሸሪዓውን ብንተወው እንኳ በጥቁር ገበያ ምንዛሪ መገበያየት በሀገራችን ሕግ ወንጀል ነው። ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ አባቴ «ለፖሊስ እናመልክት?» ሲለኝ ነው። ምን ብለን? «ሕገወጥ ምንዛሪ ስንገዛ ሰውየው አጎደለብን» ብለን? አባቴ 40 ዓመት ሱቅ የነገደ ሰው ነው፤ ከማንም ጋር ሙግት ገጥሞ አያውቅም፤ የዱቤ መዝገቡ ላይ የማይከፍሉ ሰዎች ስም እንኳ ሳይሰረዝ ሳይከሰስ ይኖራል። እሱን ነው በሕግ ፊት አፉን መክፈት የማይችል ሰው ያደረግነው። ያደረግኩት እኔ ነኝ ልበል።

«ዶሩራ ነው» ይባላል። አምናለሁ፣ በ2015 እና በ2016 መጀመሪያ ላይ ባንክ ቤት ምንዛሪ ማግኘት ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ በጣም ከባድ ነበር። አባቴ ሁለት ባንክ ጠይቆ በሁለቱም «ተመዝገብ፣ እንጠራሃለን» ተብሎ አልተጠራም። ለዚያ ጊዜ የነበረውን ችግር አልክድም። ግን ዶሩራ በልኩ ነው የሚለካው፤ ዶሩራው ሲያልፍ ፈቃዱም ያልፋል። ከለውጡ በኋላ ባለው ሴሚስተር በድጋሚ ባንክ ሄድን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ክፍያው በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ገባ። ወረፋውም፣ ወረቀቱም፣ «ነገ ተመለስ»ም ነበረበት፤ አልሐምዱሊላህ ግን ደረሰ፤ ደረሰኙም እጃችን ላይ አለ። ዋጋው ከጥቁር ገበያው ብዙም አልራቀም። ለትምህርት ክፍያው ይህ መንገድ ካለ «ዶሩራ» የሚለው ቃል ለእኔ ባዶ ሆኗል። ለኑሮ ወጪ የሚላከው ግን አሁንም አስቸጋሪ ነው፤ ያንን አልደብቅም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ከመላክ ይልቅ በሴሚስተር አንዴ፣ አስቀድሞ ታስቦ፣ ከክፍያው ጋር መጠየቁ እኛን ረድቶናል።

አስቀድሞ ማሰብ ስል ወደ ወንድሜ እመጣለሁ። ይህን ሲያነብ ይቆጣኝ ይሆናል። ወንድሜ ክፍያው በነሐሴ እንደሚደርስ ከመጋቢት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ለአባቴ የነገረው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ለምን ስለው «አባዬን ላለማስጨነቅ» አለኝ። ያ ዝምታ ነው ሦስት ሳምንት የሚፈጀውን የባንክ መንገድ ዘግቶ ወደ «ማክሰኞ» የገፋን። በነዚያ 24 ቀናት ውስጥም አባቴ በደወለ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ» እያለው፣ ለእኔ ግን ሩዝና እንቁላል ብቻ እየበላ እንደሆነ ይጽፍልኝ ነበር። አባቴ እንደሆነ አላመነውም። ከድምፁ ያውቃል። እናቴም ሳይነገራት አውቃ አምባሯን ለመሸጥ ወርቅ ቤት ሄዳ ተመልሳለች፤ ይህን የሰማሁት ከወራት በኋላ ከእህቴ ነው።

ውጭ የሚማር ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ወይም ተመርቃችሁ ለመሄድ የምታስቡ፣ ይህን ጉዳይ ከቤተሰብ ጋር በግልጽ ተነጋገሩበት። እዚህ ግቢ ጂሲ ሲደርስ ሁሉም ስለ ቱርክና ማሌዥያ ያወራል። ሙሉ ወጪን የሚሸፍነው የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ወይም የመዲና ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ዕድል አንድ ነገር ነው፤ በራስ ወጪ መሄድ ሌላ ነገር ነው። በራስ ወጪ የሚሄድ ሰው አባቱ በብር የሚያገኘውን ሪዝቅ በሌላ ገንዘብ ለመክፈል ቃል ያስገባዋል። አንድ ዓመት ቆጥሮ የገባ አባት፣ ብሩ በአንድ ወር ውስጥ ሲወድቅ ያው አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ሊሆንበት ይችላል። አባቴ የጎደለውን ለመሙላት ለመኸር ሊያስገባው የነበረውን ዕቃ ሳያስገባ ቀረ። ልጁ ከአየር መንገድ ትኬቱ ጋር ይህንንም ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ለኡስታዞቻችን በጥያቄ መልክ ልተው። በዘካ ተቀባዮች ውስጥ ኢብኑ ሰቢል አለ፤ ሀገሩ ላይ ሀብት ቢኖረውም መንገድ ላይ ከሀብቱ የተቆረጠ ሰው። አባቱ ብር እያለው፣ ብሩ ግን ድንበር መሻገር አቅቶት የሚራብ ተማሪ በዚህ ውስጥ ይገባል? ለዓመታት እዚያ የሚኖር ስለሆነ መንገደኛ አይባልም የሚል ይኖራል፤ ይገባኛል። ግን ኩዋላ ላምፑርና ኢስታንቡል ያሉ የሀበሻ ጀመዓዎች ይህን ጥያቄ ይዘው መልስ ቢያገኙ፣ እንደ ወንድሜ ያለ ሰው ጎረቤቱ ደግ ሆኖ እስኪገኝ አይጠብቅም ነበር።

ለጀመዓችን አመራሮች ያቀረብኩት ሐሳብ ሁለት ነው። በግሩፓችን ላይ የምንዛሪ መልእክት እንዳይለጠፍ፣ ለአጅር ብሎ ማገናኘትም እንዲቀር። ሁለተኛው፣ ከመካከላችን በባንክ የላኩ ሰዎች ያሳለፉት ሒደት ተጽፎ ለሁሉም እንዲደርስ። የመጀመሪያው ላይ እስካሁን አልተስማማንም፤ «ወንድምህን አትርዳ ማለት ነው» ያሉኝ አሉ። ሁለተኛውን ግን ማንንም ሳልጠብቅ ጀምሬዋለሁ። እኛ የተጠየቅነው የዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ደብዳቤ፣ የሴሚስተሩ የክፍያ መጠየቂያ፣ የዩኒቨርሲቲው የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ስዊፍት ኮድ፣ የተማሪው ፓስፖርትና ቪዛ ኮፒ፣ እንዲሁም የአባትና የልጅ ዝምድና ማረጋገጫ ነው። ዝምድናውን ለማረጋገጥ አባቴ ቀበሌ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ ስለዚህ ከእሱ ጀምሩ። መጠየቂያው ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል መመሳሰሉን ተመልከቱ፤ እኛን አንድ ሳምንት ያስመለሰን የወንድሜ የአያት ስም አጻጻፍ ነው። የደብዳቤዎቹ ናሙና እኔ ጋ አለ። ከዓስር ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ የሚፈልገኝ ያገኘኛል። ያቺ ቱርክ እህት ያለቻት እህትም ባለፈው ሳምንት ኮፒ አድርጋ ወስዳለች።